ለሚነሣበት ቀን የሚመረጥ መሸፈኛ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ቁስልን ያለ ሙጫ መሸፈን

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በቆዳ ላይ በሙጫ የሚለጠፍ የቁስል መሸፈኛ በሚነሣበት ጊዜ የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ይዞ ሊነሣ ይችላል። ጉዳቱ በአዛውንት፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ እግራቸው ባበጠና ቆዳቸው በደረቀ ሕሙማን ላይ ይበረታል። ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በተለይም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ያለ ሙጫ የሚያዙ መሸፈኛዎች በምን መመዘኛ ሊመረጡ እንደሚገባ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ መሸፈኛ መመረጥ ያለበት በሚደረግበት ሰዓት በሚሰጠው ጥቅም ብቻ ሳይሆን በሚነሣበት ቀን በሚያስከትለው ሕመምና ጉዳት ጭምር ነው የሚል ነው። የአካባቢው ከፍታ በማምከንና በውሃ ማፍላት ላይ የሚያመጣው ለውጥም የምርጫው አካል ሆኖ ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቁስል መሸፈኛ፣ ፋሻ፣ የቫዝሊን ጎዝ፣ የቆዳ መላጥ፣ ከፍተኛ ቦታ

መግቢያ

ቁስል በሚሸፈንበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው ቁስሉን የሚነካው ነገር ምን ይሁን የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ነገር ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ በምን ይያዝ የሚል ነው። በብዙ የሕክምና ተቋማት የመጀመሪያው ጥያቄ ደረቅ ጎዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ፕላስተር የሚል የተለመደ መልስ አላቸው። ይህ መልስ በጤነኛና በወጣት ቆዳ ላይ ለሚገኝ አነስተኛ ቁስል በአብዛኛው ችግር አያመጣም። ቆዳው ሲሳሳ፣ ቁስሉ ሲሰፋና መሸፈኛው ደጋግሞ መቀየር ሲኖርበት ግን ሁለቱም መልሶች ጉዳት ያስከትላሉ፤ ደረቁ ጎዝ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል፤ ፕላስተሩ ደግሞ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ደኅና ቆዳ ይልጣል።

የመንዝ ደጋ አብዛኛው ክፍል እጅግ ከፍተኛና ብርዳማ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በአንጻሩ የመርሐቤቴ መሬት ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ አየሩ ይሞቃል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ በብርድ የሚደርቅ ቆዳና በላብ የሚረጥብ ቆዳ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ፕላስተር በሁለቱም ላይ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። በብርድ የሙጫው የመያዝ ኃይል ይቀንሳል፤ በላብ ደግሞ ጠርዙ ይነሣል። ባለሙያው ይህን ለማካካስ ፕላስተሩን ሲጨምርና ሲያጠብቅ፣ በሚነሣበት ቀን የሚላጠው ቆዳ ይበዛል።

የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ደግሞ ሌላ ጫና ይጨምራል። ገደልና ሸለቆ ባለበት አገር ቁስል ለማስቀየር መምጣት ለብዙ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ማጣት ማለት ነው። የመጀመሪያው ቅያሪ ብርቱ ሕመም ካስከተለ ሕመምተኛው ለሁለተኛው ላይመለስ ይችላል። መሸፈኛውን ቤት ውስጥ ራሱ ይገነጥለዋል፤ አለዚያም ሳይነካ ብዙ ቀን ይተወዋል። ሁለቱም የኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ። በዚህ ምክንያት የመሸፈኛ ምርጫ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሕክምናው መቀጠል ወይም መቋረጡን የሚወስን ጉዳይ ነው።

ሙጫ ቆዳን የሚጎዳበት መንገድ

የቆዳ የላይኛው ሽፋን በየጊዜው በሚረግፉ የሞቱ ሴሎች ንጣፍ የተሸፈነ ሲሆን ይህ ንጣፍ እርጥበትን ይይዛል፤ ጀርሞችንም ይከላከላል። ፕላስተር በተነሣ ቁጥር ከዚህ ንጣፍ የተወሰነውን ይወስዳል። በአንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲለጠፍና ሲነሣ ንጣፉ ራሱን ለመተካት ጊዜ ያጣል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ እርጥበቱንም ያጣል። የላይኛው ሽፋን ከውስጠኛው ቆዳ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ከሆነ ደግሞ ፕላስተሩ ሽፋኑን በሙሉ ይዞት ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ የባለሙያዎች የጋራ ስምምነት በሕክምና ሙጫ ምክንያት ለሚመጣ የቆዳ ጉዳት ትርጉም ሰጥቷል። በዚህ ትርጉም መሠረት ተለጣፊው ከተነሣ በኋላ 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ መቅላት ወይም ሌላ የቆዳ ለውጥ እንደ ጉዳት ይቆጠራል። ትርጉሙ ለተመራማሪ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም በሰዓትና በዓይን ብቻ የሚለካ ስለሆነ በጤና ጣቢያም ሊመዘገብ ይችላል።

ሌላው መንገድ አለርጂ ነው። በአንዳንድ የዚንክ ኦክሳይድ ፕላስተሮች ሙጫ ውስጥ ከጥድ ዛፍ የሚገኝ ኮሎፎኒ የተባለ ንጥረ ነገር ይጨመራል። ይህ ንጥረ ነገር በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ሽፍታው የፕላስተሩን ቅርጽ ይዞ በአራት ማዕዘን ከወጣ ምክንያቱን መለየት አያዳግትም። ይሁንና መቅላቱ የቁስሉ ኢንፌክሽን እንደተስፋፋ ተቆጥሮ ያለ አግባብ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊታዘዝበት ይችላል።

ፕላስተር የማይለጠፍባቸው ሕሙማን

ከሁሉ አስቀድሞ አዛውንት ይጠቀሳሉ። በዕድሜ የሳሳ ቆዳ በትንሽ ግጭት ይላጣል። ዓለም አቀፉ የቆዳ መላጥ አማካሪ ቡድን ይህን ጉዳት በሦስት ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ዓይነት የተላጠው ቆዳ ተመልሶ ቁስሉን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ በሁለተኛው የተላጠው ቆዳ በከፊል ጠፍቷል፤ በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የመጀመሪያው ዓይነት ጉዳት ላይ ፕላስተር ከተለጠፈ በሚነሣበት ቀን ወደ ሦስተኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላ ሕፃናት፣ ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰዱ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና እግራቸው ያበጠ ሕሙማን በዚሁ ረድፍ ይገባሉ። በመድኃኒት ምክንያት ቆዳቸው የሚገፈፍ ሕሙማንና በውርስ ቆዳቸው በቀላሉ ውሃ የሚቋጥር ሕፃናት ላይ ደግሞ ሙጫ ፈጽሞ መቅረብ የለበትም።

የሥጋ ደዌ ሕሙማን የተለየ ትኩረት ያሻቸዋል። በዚህ በሽታ ነርቭ ሲጎዳ እግር ስሜቱን ያጣል፤ ላብ ስለማያመነጭም ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። ሕመምተኛው ሕመም ስለማይሰማው ፕላስተሩ ሲልጠው ወይም ፋሻው ሲያንቀው አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ለዚህ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ሲያገለግል ቆይቷል። በስሜት አልባ እግር ላይ የሚወጣ ቁስል ዋና ሕክምናው ክብደትን ከቁስሉ ላይ ማንሣት ነው፤ ምርጥ መሸፈኛም ቢሆን ይህን አይተካም።

ቁስሉን የሚነካው ንጣፍ

ለረጅም ዘመን ቁስል ደርቆ ቅርፊት ሲያበጅ ቶሎ ይድናል ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት በእርጥበት የተጠበቀ ቁስል በአየር ከደረቀው ይልቅ በእጥፍ ገደማ ፍጥነት በአዲስ ቆዳ እንደሚሸፈን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመሸፈኛ ዕውቀት የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ደረቅ ጎዝ በንጹሕ ቁስል ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጀመሪያ እርጥበቱን ይመጣል፤ ቀጥሎም ሲነሣ አዲስ የበቀለውን ቆዳ ይነቅላል።

በአካባቢው ለመጠቀም ቅርብ የሆነው አማራጭ የቫዝሊን ጎዝ ነው። ዓይነ ሰፊ ጎዝ በነጭ ቫዝሊን ተነክሮ ከቁስሉ ጋር እንዳይጣበቅ ይደረጋል፤ ፈሳሹ በቀዳዳዎቹ አልፎ በላዩ ወደሚደረበው ደረቅ ጎዝ ይሄዳል። ለቃጠሎ፣ ለተላጠ ቆዳና ቆዳ ለተወሰደበት ቦታ ይስማማል። ጉድለቱ ቅባቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲያልቅ መድረቁና መጣበቁ ነው። ፈሳሽ በሚያበዛ ቁስል ላይም ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው አማራጭ የሲሊኮን ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ በደረቅ ቆዳ ላይ በለሆሳስ ይይዛል፤ በእርጥብ ቁስል ላይ ግን አይጣበቅም። በአንድ ጊዜ ብዙ ቀን ሊቆይ ስለሚችል ለሩቅ ሕመምተኛ ተስማሚ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣና ውድ መሆኑ ግን አጠቃቀሙን ይገድበዋል። ሦስተኛው ጠርዙ ሙጫ የሌለው ስፖንጅ መሰል መሸፈኛ ሲሆን፣ ፈሳሽ ለሚያበዛ ቁስል ተመርጦ በፋሻ ይያዛል።

ጥጥ ቁስልን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ ክሮቹ በቁስሉ ውስጥ ይቀራሉ። ይኸው ምክንያት ለመንዝ የበግ ጠጉር ሥራም ይሠራል። በርኖስም ሆነ ባና የተሸፈነን እግር ከብርድ ለመጠበቅ ከፋሻው በላይ ሊደረብ ይችላል፤ ክሩ ግን ወደ ቁስሉ መድረስ የለበትም። በቃጠሎ ላይ የቡና ዱቄት መነስነስም ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ዱቄቱን ለማጠብ የሚወጣው ሕመምም ከቃጠሎው ያልተናነሰ ሊሆን ይችላል።

ሙጫ የሌለው አያያዝ

መሸፈኛን ያለ ሙጫ ለመያዝ ዋናው መሣሪያ ጥቅል ፋሻ ነው። በእጅና በእግር ላይ ፋሻው ከጣቶች በኩል ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍናል። በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በክርን ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ መከተል ፋሻው እንዳይንሸራተት ይረዳል። የጣት ጫፎች ሳይሸፈኑ ይቀራሉ። ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቶቹ ከሰማያዊነት ወይም ከመደንዘዝ ምልክት ካሳዩ ፋሻው መላላት አለበት። በብርዳማ ቦታ የቀዘቀዘ እግር ይህን ምልክት ሊያሳስት ስለሚችል እግሩን በቅድሚያ ማሞቅ ያስፈልጋል።

የፋሻው ጫፍ ተሰንጥቆ ይታሰራል፤ ቋጠሮው በቁስሉም ሆነ በአጥንት ጉብታ ላይ አያርፍም። ፕላስተር የግድ ካስፈለገ ከፋሻ በፋሻ ላይ ብቻ ይለጠፋል፤ ቆዳን አይነካም። ይህች ትንሽ ልማድ ምንም ተጨማሪ ወጪ የላትም፤ ከጽሑፉ ምክሮች ሁሉም በዛሬው ዕለት ልትጀመር የምትችል ናት። በራስ፣ በትከሻና በሕፃናት አካል ላይ ደግሞ ቱቦ መሰል መረብ ፋሻ የተሻለ ይይዛል። ፋሻ በማይገኝበት ቦታ ታጥቦና ተቀቅሎ በካውያ የተተኮሰ የጥጥ ጨርቅ በሸንተረር ተቀዶ ከላይ ለመያዣነት ሊያገለግል ይችላል፤ ቁስሉን ለሚነካው ንጣፍ ግን አይተካም።

መያዝና መጫን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መታወቅ አለበት። እብጠት ለመቀነስ የሚደረግ ጠበቅ ያለ ፋሻ የደም ቅዳ ዝውውሩ ደካማ በሆነ እግር ላይ ሥጋን እስከማሞት ይደርሳል። ስለዚህ ከመጫን በፊት የእግር የደም ትርታ ሊፈተሽ ይገባል።

ከጎጃም የተገኘ ትምህርት

ፋሻን በቤት ደረጃ መጠቀም በገጠር ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከአማራ ክልል የተገኘ ማስረጃ አለ። በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ አፈር ጋር በመነካካት የሚመጣው የእግር ዝሆኔ፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስ፣ ቆዳውን ያወፍራል፤ ይሰነጥቃል፤ ተደጋጋሚ ትኩሳትና እብጠት ያለበት ሕመም ያስነሣል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ጥናት ቀላል የሕክምና ጥቅል ፈትሿል። ጥቅሉ እግር መታጠብን፣ የቆዳ እንክብካቤን፣ ፋሻን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ያካተተ ነበር። ሕክምናው ወዲያው በተሰጣቸው ሕሙማን ዘንድ ድንገተኛው ሕመም በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ ሲከሠት፣ ሕክምናው በዘገየላቸው ዘንድ 23.9 ጊዜ ተከሥቷል።

ጥናቱ ፋሻን ከፕላስተር ጋር አላወዳደረም፤ ስለዚህ ለሙጫ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም። የሚያሳየው ግን የገጠር ሕመምተኛ ተገቢው ትምህርት ከተሰጠው የተጎዳ ቆዳን በሳሙና፣ በቅባትና በፋሻ በቤቱ መንከባከብ እንደሚችልና ይህም የሚለካ ለውጥ እንደሚያመጣ ነው።

ከፍታ፣ እንፋሎትና ውሃ

በመንዝ የሚዘጋጅ ጎዝና ፋሻ ንጽሕና በከፍታው ምክንያት የተለየ ስሌት ይጠይቃል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት 70 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ስለሆነ ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ከ2,000 ሜትር በላይ የመጠጥ ውሃ ለ3 ደቂቃ እንዲፈላ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ አብዛኛውን ቁስል ለማጠብና የተጣበቀ ጎዝ ለማራስ ይበቃል። ጨው የሚጨመር ከሆነ መጠኑ በአንድ ሊትር 9 ግራም ነው።

በእንፋሎት ማምከኛ ላይ ያለው ልዩነት ይበልጥ አሳሳቢ ነው። እንፋሎት 121 ዲግሪ የሚደርሰው አጠቃላይ ግፊቱ 205 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን ነው። የብዙዎቹ ማምከኛዎች መለኪያ ግን የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ጠለል ደረጃ በቂ የሆነው 15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ንባብ በ3,000 ሜትር ላይ እንፋሎቱን 116 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። 121 ዲግሪ ለማግኘት ንባቡ ወደ 20 ፓውንድ መጠጋት ይኖርበታል። መሣሪያው ያን ግፊት እንዲችል መሠራቱ በቅድሚያ መረጋገጥ አለበት፤ ከግፊት ንባብ ይልቅም ሙቀትን በቀጥታ የሚያሳይ መለኪያና የማምከን አመልካች ይታመናል። የተጠቀለለ ጎዝ በተገቢው ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይቆያል።

የቫዝሊን ጎዝ በቦታው ሲዘጋጅ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። እንፋሎት ቅባት ውስጥ በሚገባ ዘልቆ አይገባም። ለቅባት የሚሠራው ደረቅ ሙቀት ሲሆን የተለመደው መጠን በ160 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ነው። ጨርቁ በዚህ ሙቀት ሊጠቁር ስለሚችል ቫዝሊኑን ለብቻው አምክኖ፣ ቀድሞ ከመከነ ጎዝ ጋር በንጹሕ ሥርዓት ማዋሐድ ወይም ተዘጋጅቶ የታሸገውን መጠቀም ይመረጣል።

የምርጫ ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘረው በአራት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ ቁስሉ ኢንፌክሽን አለው? መግል፣ ክፉ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ትኩሳት ካለ ለብዙ ቀን የሚቆይ መሸፈኛ አይመረጥም፤ ቁስሉ በየቀኑ መታየት አለበት።

ሁለተኛ፣ የሚፈሰው ምን ያህል ነው? ትንሽ ከሆነ የቫዝሊን ጎዝና ስስ ደረቅ ጎዝ ይበቃሉ፤ ብዙ ከሆነ መጣጩ ንጣፍ ይጨመራል።

ሦስተኛ፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ እንዴት ነው? የሳሳ፣ ያበጠ፣ የደረቀ ወይም ስሜት የሌለው ከሆነ ሙጫ አይነካውም።

አራተኛ፣ የሚያነሣው ማን ነው፤ መቼስ ነው? ሕመምተኛው የሚመለስበት ቀን ሩቅ ከሆነ እስከዚያ ቀን የማይደርቅ ንጣፍ ይመረጣል። የተላጠ ቆዳ ወደ ቦታው ተመልሶ ከተሸፈነ፣ መሸፈኛው የሚነሣበት አቅጣጫ በፋሻው ላይ በቀስት ይመለከታል፤ ቀጥሎ የሚያነሣው ባለሙያ ሌላ ሊሆን ይችላልና። በልጅ እጅ ላይ ቃጠሎ ሲኖር እያንዳንዱ ጣት ለብቻው በቫዝሊን ጎዝ ይጠቀለላል፤ አለዚያ ጣቶቹ ተጣብቀው ሊድኑ ይችላሉ።

ፕላስተር ቀድሞ የተለጠፈ ከሆነ አነሣሡ ጉዳቱን ይቀንሳል። ጠርዙ በቅባት ይርሳል፤ ቆዳው በሌላ እጅ ይደገፋል፤ ፕላስተሩ ወደ ላይ ሳይሳብ በራሱ ላይ እየታጠፈ በጸጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ በዝግታ ይነሣል።

ወጪን እንደገና መቁጠር

የቫዝሊን ጎዝ ከደረቅ ጎዝ የበለጠ ዋጋ አለው በሚል ሊቀር ይችላል። ይህ ስሌት የሚቆጥረው የአንዱን ቁራጭ ዋጋ ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ለ14 ቀናት በየቀኑ የሚቀየር መሸፈኛ 14 ጉዞ ይጠይቃል፤ በየሦስት ቀኑ የሚቀየረው ግን 5 ጉዞ ብቻ። ከእቃው ዋጋ ጋር የባለሙያው ሰዓት፣ የሕመምተኛው መንገድና የቀረበት የእርሻ ቀን ሲደመር ርካሹ መሸፈኛ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ የአንድ ቁራጭ ዋጋ ሳይሆን አንድ ቁስል እስኪድን የወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው።

ማጠቃለያና ለቀጣይ ጥናት

በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታዎች ያለ ሙጫ ቁስል መሸፈን በቫዝሊን ጎዝ፣ በመጣጭ ንጣፍና በፋሻ ሊፈጸም የሚችል ነው። የሚያስፈልገው ለውጥ ከሸቀጥ ይልቅ በልማድ ላይ ያመዝናል፤ ፕላስተርን ከቆዳ ማራቅ፣ ደረቅ ጎዝን ከንጹሕ ቁስል ማራቅ፣ የማምከኛን ንባብ ከከፍታው ጋር ማስተካከል።

በዓለም ከተማ፣ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በራቤል ለሚሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት አራት መለኪያዎች በቀላሉ ሊመዘገቡ ይችላሉ፦ በቅያሪ ጊዜ ያለው ሕመም ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ሚዛን፣ መሸፈኛው ከተነሣ ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚታየው የቆዳ ሁኔታ፣ ከቀጠሮው ቀን የቀሩ ሕሙማን ብዛት፣ እንዲሁም ቁስሉ እስኪድን የተደረገ ጉዞ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው ልዩ ክብደት አለው፤ ያልተመለሰ ሕመምተኛ በብዙ መዝገብ ላይ እንደ ዳነ ይቆጠራል፤ ሕመሙን ፈርቶ የቀረው ከዳነው የሚለየው ግን ተፈልጎ ሲጠየቅ ብቻ ነው።